ነዳጅ ቆጣቢና ጭሱ ንጹሕ የሆነ ሞተር፦ ከየት ይጀመራል?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ጭሱም ንጹሕ የሆነ ሞተር ከባዶ ተነስተን ብንነድፍ፣ የመጀመሪያ ጉልበታችንን የት ላይ እናውለው?

ስለ ሞተር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አንድ ቁጥር ነው። ከፍተኛው ብቃቱ ስንት ነው? ማለትም ነዳጁ ውስጥ ካለው ጉልበት ስንት እጁ ወደ ሥራ ይለወጣል? ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አውግስቡርግ ላይ ያስፈተሸው ሞተር 26 በመቶ ገደማ ነበር። ቶዮታ በ2017 ያወጣው ባለ 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር 40 በመቶ ደርሷል፤ ለሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ ለሚሄድ መኪና የተዘጋጀው ደግሞ 41። የሚያስደንቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን ያ 40 በመቶ የሚገኘው በጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ጠንከር ያለ ጭነት ይዞ ሲሠራ ብቻ። መኪናው የትራፊክ መብራት ይዞት ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር ብቃቱ ዜሮ ነው። ነዳጅ ይበላል፣ የተሠራ ሥራ ግን የለም። በዝግታ ሲነዳም ስሮትሉ፣ ማለትም የአየር መግቢያው ክዳን፣ አብዛኛውን ማለፊያ ስለሚዘጋ፣ ፒስተኑ አየር ለመሳብ ብቻ ጉልበቱን ያባክናል። ሞተር ደግሞ ብዙ ዕድሜውን የሚያሳልፈው እዚያ ደካማ ቦታው ላይ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ለአነስተኛና ለመካከለኛ የቤንዚን ሞተር፣ የአየርና የነዳጁን ልክ አናዛባ። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር፣ ማለትም ላምዳ 1። ልኩ እንደዚህ ሲሆን ባለ ሦስት ተግባሩ ካታሊስት፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጽጃ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለውን ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን በአንድ ላይ ያጠፋል። ቁጠባውን ከሌላ ቦታ እናምጣው። የቀዘቀዘ ጭስ ወደ ሲሊንደር በመመለስ፣ የመግቢያውን ቫልቭ ዘግይቶ በመዝጋት፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አጋዥ በማድረግ። በስስ ድብልቅ፣ ማለትም አየሩ ከልኩ በበዛበት ድብልቅ፣ ማቃጠልን ማሳደድ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ዋጋው ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ያስቀምጥ። በደስታ አነባለሁ።

ምላሾቹ

የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር የተባለውን በራሴ አገላለጽ አስቀምጬዋለሁ። ቁጥሮቹ እንደ ቅደም ተከተላቸው ናቸው።

ምላሽ 1 በትሕትና የጀመረ ነው። ጸሐፊው በመሠረቱ እንደሚስማማ ገልጾ፣ የብቃት ነገር ሲነሳ የኮምፕሬሽን ምጣኔ፣ ማለትም ፒስተኑ ጋዙን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው፣ መዘለል እንደሌለበት አሳሰበ። ስሌቱንም አስቀመጠ። በመማሪያ መጽሐፍ ስሌት፣ ንጹሕ አየር ብቻ ያለበት የኦቶ ዑደት (የቤንዚን ሞተር የሚሠራበት ዑደት) በ10 ለ 1 ምጣኔ 60 በመቶ ብቃት ይሰጣል። በ14 ለ 1 ደግሞ 65 ገደማ። ከ10 ወደ 14 መውጣት አምስት ነጥብ ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል፣ ድብልቁም ያለ ጊዜው በራሱ እየፈነዳ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ጥሩ መነሻ ነበር።

ምላሽ 2 ግን እዚያው ላይ ያዘው፤ እኔንም ጭምር። ያ ስሌት እውነተኛውን ጋዝ አይወክልም አለ። ነዳጅ የተቀላቀለበትና የተቃጠለ ትኩስ ጋዝ ከንጹሕ አየር ይልቅ ሙቀትን በውስጡ ይዞ ያስቀራል፤ ግፊት አድርጎ አይሰጥም። ለዚህ ነው 60 የተባለው በእውነተኛ ጋዝ ሲሰላ ወደ 50 የሚወርደው። ቀጥሎ ወደ ነጥቡ ገባ። ድብልቁ ስስ ሲሆን ጋዙ ወደ ንጹሕ አየር ባሕርይ ይጠጋል። ሙቀቱ ስለሚቀንስ ወደ ሲሊንደር ግድግዳ የሚያመልጠው ያንሳል። ስሮትሉም ስለሚከፈት የመሳቡ ኪሳራ ይቀንሳል። ሦስቱም ጥቅሞች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ትተን ላምዳ 1 ላይ መቸንከር ንድፈ ሐሳቡን ጀርባ መስጠት ነው ብሎ ጨረሰ። ቃሉ ጠንከር ቢልም ክርክሩ ንጹሕ ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይኸው ነው።

ምላሽ 3 ከጋራዥ የመጣ ነው። ጸሐፊው መካኒክ ነው። ጭስ መልሶ ማስገባት፣ ማለትም ኢጂአር የሚባለው ነገር፣ ወረቀት ላይ እንጂ መኪና ላይ እንደማይኖር በምሬት ጻፈ። ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ አንድ የናፍጣ መኪና መጣለት። የመግቢያውን ማኒፎልድ ሲከፍት ቀዳዳው በጥላሸትና በዘይት ተለስኖ አየር ማለፊያ አልነበረውም። ብዙ ደንበኞቹ ቫልቩን በቆርቆሮ እንዲዘጋላቸው እንደሚለምኑት፣ ከተዘጋ በኋላም መኪናው እንደሚነሳሳ ነገረን።

ይህን ያየውን ሰው በንድፈ ሐሳብ መርታት አይቻልም። ያየውን አይቷል። ሁለት ነገር ግን ጨምሬ መለስኩለት። የመጀመሪያው፣ ጥላሸቱን የሚያጣብቀው ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት ተን ነው። ላምዳ 1 ላይ በሚሠራ የቤንዚን ሞተር ጥላሸቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ጭሱን ከካታሊስቱ በኋላ መውሰድም ይቻላል፣ በዚያ ቦታ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው፣ ቆርቆሮው የሚያድነው ባለቤቱን ነው። ከጭስ ማውጫው ጀርባ የሚተነፍሰውን ሰው አያድንም።

ምላሽ 4 አጭር ጥያቄ ነበር። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ከሆነ፣ ሞተር ውስጥ ሲገባ ለምን መርዝ ይሆናል? አንዳንዶች ጥያቄውን ንቀው አለፉት። እኔ ደግሞ ክሩ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ወሳኙ ይመስለኛል።

ምላሽ 5 በትዕግሥት አብራራ። ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ስለተያያዙ በቀላሉ አይላቀቁም። ሙቀቱ ከ1800 ኬልቪን ሲያልፍ ግን ኦክስጅኑ ይሰብራቸውና ናይትሪክ ኦክሳይድ መፈጠር ይጀምራል። የሶቪየት ኅብረቱ ሳይንቲስት ዜልዶቪች ያብራራው ሂደት ነው። ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ምርቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይወስናሉ፤ ሙቀት፣ የተረፈ ኦክስጅን፣ ጊዜ። ጸሐፊው በዚህ ላይ ተንተርሶ የኢጂአርን ሥራ ግልጽ አደረገው። የተቃጠለ ጭስ ለመቃጠል አይረዳም፤ ሙቀትን ግን ይጠጣል። የእሳቱን ከፍታ ዝቅ ያደርገዋል። እዚህ ላይ መካኒኩ ተመልሶ አመሰገነ፤ ቫልቩ ለምን እንደተገጠመ ሲነገረው የመጀመሪያ ጊዜው እንደሆነም ጻፈ።

ምላሽ 6 ምላሽ 2ን ለመደገፍ ታሪክ ይዞ ገባ። አሜሪካ በ1970 ያወጣችው የንጹሕ አየር ሕግ የመኪና ጭስ በ90 በመቶ እንዲቀንስ ሲያዝ፣ ብዙ አምራቾች አይቻልም ብለው ነበር። ሆንዳ ግን ሲቪሲሲ በተባለው ሞተር መመዘኛውን ያለ ካታሊስት አለፈ። ዘዴው ብልህ ነው። ከዋናው ሲሊንደር አጠገብ ትንሽ ክፍል አለች። በእሷ ውስጥ ወፍራም ድብልቅ በካንዴላ ይለኮሳል፤ የእሱ ነበልባል ደግሞ ዋናው ክፍል ውስጥ ያለውን ስስ ድብልቅ ያቀጣጥላል። በ1975 ሞዴል ሲቪክ ላይ ወጣ። ስስ ድብልቅ ይሠራል ለሚለው ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል አለ ጸሐፊው።

ምላሽ 7 የሆንዳን ሥራ አክብሮ፣ ዘመኑ ግን ሌላ መሆኑን አስታወሰ። በ1970ዎቹ የበቃው ንጽሕና ዛሬ በሩን አያልፍም። የአውሮፓው ዩሮ 6 ለቤንዚን መኪና የፈቀደው የናይትሮጅን ኦክሳይድ በኪሎ ሜትር 60 ሚሊግራም ነው፣ ለናፍጣ 80። ስስ ድብልቅ ጭሱ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን ይተዋል። ኦክስጅን ባለበት ባለ ሦስት ተግባሩ ካታሊስት የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ማፍረስ አይችልም። እናም ኦክሳይዱን የሚይዝ ሌላ ማጥመጃ ወይም በዩሪያ ፈሳሽ የሚያጸዳ ሥርዓት መጨመር ይመጣል። መካከለኛውን ቦታም ጠቆመ። ድብልቁ በጣም ስስ ከሆነ እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ኦክሳይዱ ያንሳል፤ አስቸጋሪው ትንሽ ብቻ የሳሳው ነው፣ ሙቀቱም አለ፣ ኦክስጅኑም አለ። ማዝዳ በ2019 ያወጣው ስካይአክቲቭ ኤክስ ይህን ተረድቶ የሄደ ነው። በጣም ስስ ድብልቅ ያስገባል፤ በካንዴላ የተነሳው እሳት ግፊቱን ሲጨምረው የቀረው በራሱ ይቀጣጠላል። ሲቪሲሲን ያነሳው ሰው ይህን ሲያነብ በከፊል ተስማማ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋነቱ አልተጓደለም። ከዚህ በኋላ ናፍጣ መጣ።

ምላሽ 8 ቤንዚን ላይ ይህን ያህል ማውራት ጊዜ ማባከን ነው አለ። የናፍጣ ሞተር ስሮትል የለውም፤ ኮምፕሬሽኑ ከፍተኛ ነው፤ ሁልጊዜም በስስ ድብልቅ ይሠራል። የመርከብና የኃይል ማመንጫ ሞተሮችን ጠቀሰ። ቫርትሲላ 31 በ2015 ሲወጣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 165 ግራም ነዳጅ ብቻ በመፍጀቱ በጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ይህም ከ50 በመቶ በላይ ብቃት ነው። የቻይናው ዌይቻይ በ2020 ለከባድ መኪና የሚሆን ከ50 በመቶ ያለፈ ሞተር አሳይቷል። 40 በመቶ የሚደርሰው የቤንዚን ሞተር ደግሞ 209 ግራም ገደማ ይፈልጋል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው።

ምላሽ 9 በአንድ ቃል መለሰ ማለት ይቻላል፤ የቮልስዋገንን ጉዳይ አነሳ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ድርጅት ይፋ እንዳደረገው፣ መኪኖቹ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ምርመራ ላይ መሆናቸውን እየለየ ያኔ ብቻ ጭሱን ያጸዳ ነበር። መንገድ ላይ ሲወጡ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ተነኩ። ስለ ናፍጣ ንጽሕና የሚያወራ ሰው ይህን ረስቶ ከሆነ አያሳፍረውም ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 10 ከምላሽ 8 ጸሐፊ የመጣ ነው፤ ስድብም ነበረበት። ያን አልደግመውም። ሁለቱንም በጨዋ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ጠየቅኩ። ሰውን ሳይሆን ሐሳቡን እንምታ።

ምላሽ 11 ነገሩን ያበረደው ነው። በሙያው የጭስ ማጽጃ ላይ የሠራ ሰው ይመስላል። ናፍጣ ላይ ያለው ችግር በሁለት ጫፍ የተያዘ ነው አለ። እሳቱን ካሞቅከው ጥላሸቱ ይቃጠላል፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ግን ይጨምራል። ካቀዘቀዝከው ኦክሳይዱ ይቀንሳል፣ ጥላሸቱ ግን ይበዛል። ስለዚህ አንዱን ሲሊንደር ውስጥ፣ ሌላውን ከሲሊንደር ውጪ ማጽዳት ግድ ነው። ጥላሸቱን ማጣሪያ ይይዘዋል። ኦክሳይዱን ደግሞ 32.5 በመቶ ዩሪያ ካለው ፈሳሽ የሚገኘው አሞኒያ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይመልሰዋል። ኬሚስትሪው ይሠራል። በ2015 የተጋለጠው ጥፋት የኬሚስትሪው ሳይሆን፣ ማጽጃውን መንገድ ላይ ላለማሠራት የወሰኑ ሰዎች ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ግን እሱ ራሱ እንዳለው ሥርዓቱ ውድና ግዙፍ ነው፤ ጭሱም 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሞቀ ዩሪያው በወጉ አይሠራም። ለመርከብና ለከባድ መኪና ያዋጣል። ለትንሽ መኪና ያዋጣል ወይ የሚለውን እሱም አልደፈረውም።

ምላሽ 12ን በተለይ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው ጀነሬተር ላይ የሚሠራ ነው። ለአንድ ሕንፃ የተገዛ ትልቅ የናፍጣ ጀነሬተር ነበር። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ በጣም ትልቅ ተመረጠ። በተግባር ግን ከአቅሙ ሩብ በማይሞላ ጭነት ሲሠራ ኖረ። ሲሊንደሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ የፒስተን ፋሻዎቹም በግፊት ተገፍተው ግድግዳውን በደንብ አይዙም። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ቅባት ይንጠባጠብ ጀመር። ሰዎች ሞተሩ ሞቷል፣ ይቀየር አሉ። እሱ ከባድ ጭነት አስሮ ለሰዓታት አሠራው፤ ቀስ በቀስ ጠራ። ከዚያ በኋላ ምክሩ አንድ ነው። አንድ ትልቅ ሞተር በሩብ ጭነት ከማሠራት፣ ትንሹን በሙሉ አቅሙ ማሠራትና ትርፉን ባትሪ ውስጥ ማስቀመጥ።

የመነሻ ጽሑፌ ሊለው የፈለገው ይኸው ነው። ሞተር ጭነት ሲይዝ ነዳጁንም ይቆጥባል፣ በንጽሕናም ያቃጥላል። ቀላል ጭነት ሁለቱንም ያበላሻል። በዚህ ነጥብ ላይ ብቃትና ንጽሕና አይጣሉም፤ አብረው ይሄዳሉ። ሃይብሪድ የሚያዋጣውም ስለዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ ደካማውን ቦታ ይሸፍናል፣ ሞተሩ ጥሩው ቦታ ላይ ይሠራል ወይም ይጠፋል። ቶዮታ በ1997 በፕሪየስ ላይ የአትኪንሰን ዓይነት ዑደት ማድረግ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመግቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ሲዘጋ የገባው አየር በከፊል ይመለሳል፤ ስለዚህ የሚጨመቀው ያንሳል፣ የሚለጠጠው ግን ሙሉ ነው። ከእያንዳንዱ ፍንዳታ ብዙ ሥራ ይወጣል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። የጎደለውን የሚሞላ የኤሌክትሪክ ሞተር ከሌለ ደግሞ ነጂው ያማርራል።

ምላሽ 13 ለምን ሞተር እናቀዘቅዛለን የሚል ነበር። ከነዳጁ ጉልበት ሲሶ ገደማ በራዲያተር በኩል የሚጠፋ ከሆነ፣ ሲሊንደሩን በሴራሚክ ሸፍነን ራዲያተሩን አውጥተን ብንጥለው አይሻልም? ምላሽ 14 ይህ የተሞከረ መሆኑን ነገረው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ጦርና ከሚንስ ራዲያተር የሌለው የናፍጣ ከባድ መኪና ሠርተው ነድተዋል። የሚያሳዝነው፣ ግድግዳው ላይ የዳነው ሙቀት በአብዛኛው ወደ ሥራ አልተለወጠም፤ በጭስ ወጣ። ትኩሱ ግድግዳ ደግሞ የሚገባውን አየር ስለሚያሞቅ የሚገባው አየር መጠን አነሰ፣ ዘይቱም ተሠቃየ። ጸሐፊው ሐሳቡ ግን አልሞተም አለ። ቶዮታ በ2015 ባወጣው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ፒስተኑን በጣም ስስ በሆነና ቀዳዳ በበዛበት ንብርብር ሸፍኗል። ንብርብሩ እሳት ሲነድ ቶሎ ይሞቃል፤ አዲስ አየር ሲገባ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ያ ሞተር 44 በመቶ ደርሷል።

ምላሽ 15 እስከ 17 ከመንገድ ወጡ። ዘይት ላይ ተጣሉ። አንዱ ቀጭን ዘይት፣ ዜሮ ደብልዩ ሃያ የሚባለው፣ ሞተር ይገድላል አለ። ሌላው ፍትጊያ ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሞተሩ ለዚያ ተነድፎ ከሆነ አይጎዳም አለ። ክርክሩ ከርዕሱ ቢወጣም አንድ ቁም ነገር አፈራ። ቱርቦ ያላቸውና ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ትንንሽ ሞተሮች በዝቅተኛ ፍጥነትና በከፍተኛ ጭነት ካንዴላው ሳያበራ በድንገት የሚቀጣጠሉበት አደጋ አለ። ፒስተን ይሰብራል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ለዚህ አንዱ ምክንያት መሆኑ ስለታወቀ የዘይት መመዘኛዎች ተቀይረዋል። ስለዚህ በመመሪያው የተጻፈውን ዘይት መጠቀም ከንትርክ ይሻላል።

ምላሽ 18 ከላቦራቶሪ ተማሪ የመጣ ነው፤ ክሩ ውስጥ ከምላሽ 2 ቀጥሎ ከባዱ ጥያቄ የእሷ ነው። ሁላችሁም ስለሞቀ ሞተር ነው የምታወሩት አለች። ቤንዚን በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ አይተንም፤ ስለዚህ እንዲነሳ ተጨማሪ ይረጫል፤ የተረፈው ሳይቃጠል ይወጣል። ካታሊስቱ ደግሞ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ ምንም አይሠራም። በምርመራ ላይ ከሚለካው ያልተቃጠለ ነዳጅ አብዛኛው የሚወጣው ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ቀጥላ እኔን ጠየቀች። ብቃቱ ከፍ ያለ ሞተር ጭሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉልበቱን ሲሊንደር ውስጥ ስለጨረሰ። ቀዝቃዛ ጭስ ካታሊስት አያሞቅም። ሃይብሪድ ደግሞ ሞተሩን እያጠፋ ካታሊስቱን ያቀዘቅዘዋል። ታዲያ ያቀረብከው መፍትሔ ራሱን አይቃረንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ቦታ ነው። ካታሊስቱ ከጭስ መውጫው ቫልቭ ጥግ ይቀመጥ። ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ እየዞረ አየር የሚገፋው መሣሪያ፣ ካለ ሙቀቱን ቀድሞ ስለሚበላው ሥራው ይከብዳል፤ ለዚህ ዓይነት ሞተር ቱርቦ ባይኖር እመርጣለሁ። ሁለተኛው፣ ሞተሩ እንደተነሳ ካንዴላው ሆን ተብሎ ዘግይቶ እንዲያበራ ይደረግ። እሳቱ ሲዘገይ ሙቀቱ በጭስ ይወጣል። ለጥቂት ሰከንዶች ብቃትን እንሠዋለን፤ በምትኩ ካታሊስቱ ይነቃል። ሃይብሪድ እዚህ ላይ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። መኪናው በኤሌክትሪክ ሲሄድ፣ ሞተሩ ያለ ምንም ጥድፊያ በቀላል ጭነት ካታሊስቱን ያሞቃል። ነጂው ጉልበት ቢጠይቅ የሚሰጠው ባትሪው ነው። ሞተሩ ረጅም ጊዜ ጠፍቶ ካታሊስቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መቆጣጠሪያው ሙቀቱን ገምቶ አስቀድሞ ሊያስነሳው ይችላል፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ካታሊስትም አለ።

እሷ በምላሽ 19 መልሱን ተቀብላ፣ መቆጣጠሪያው ካልተጠነቀቀ ግን አውራ ጎዳና ላይ በድንገት ሙሉ ጉልበት የሚጠየቅበት ቀዝቃዛ አነሳስ ከሁሉ የከፋ እንደሚሆን አስጠነቀቀች። ልክ ናት። የሶፍትዌሩ ጥራት የብረቱን ያህል ይቆጠራል።

ምላሽ 20 ሃይድሮጅን ብንጨምርበትስ አለ። ካርቦን የለውም። በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ድረስ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ እጅግ ስስ ድብልቅ ይቻላል። ምላሽ 21 ሃይድሮጅንም በአየር እስከተቃጠለ ድረስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ እንደሚፈጥር፣ ድብልቁ በጣም ሲሳሳ ብቻ እንደሚቀንስ፣ ወደ መግቢያው ተመልሶ የመቀጣጠል አደጋም እንዳለው አስታወሰ። በዚያው ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ሞተሮች ጨመረ። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ የተደበቀው ሚቴን ሳይቃጠል ያመልጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። የጋዝ ሞተር ንጹሕ ነው ከማለት በፊት ያን ማምለጥ መለካት ያስፈልጋል።

ምላሽ 22 የፎርሙላ 1 ሞተሮችን አነሳ። መርሴዲስ በ2017 በመፈተሻ ላይ ከ50 በመቶ በላይ ማግኘቱን አስታውቋል። ደንቡ በሰዓት ከ100 ኪሎ በላይ ነዳጅ ስለከለከለ ጉልበት የሚገኘው በብቃት ብቻ ነበር። እንደ ሲቪሲሲዋ ትንሽ ክፍል ያለ ማቀጣጠያ ቅድመ ክፍል እዚያም ሥራ ላይ መዋሉ ምላሽ 6ን ደስ አሰኘው።

ምላሽ 23 ስለታም ነበር። የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር ዘመኑ አልፏል፤ ኤሌክትሪክ እያለ በዚህ መድከም ከንቱ ነው አለ። ጊዜውን ስለሰጠ አመሰግነዋለሁ፤ ኤሌክትሪክ በሚያዋጣበት ቦታ ሁሉ ይግባ። ግን ውቅያኖስ የሚያቋርጠው መርከብ፣ እርሻ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ትራክተር፣ የሆስፒታል ጀነሬተር ዛሬም ነዳጅ ያቃጥላሉ፤ ነገም ያቃጥላሉ። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ። ካታሊስት ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያጠፋም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ይወጣል፣ ናፍጣ 2.6 ገደማ። ያንን የሚቀንሰው ትንሽ ማቃጠል ብቻ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ በመቶ ብቃት ጉዳይ የሰው ጤናና የአየር ንብረት ጉዳይ ነው።

ምላሽ 24 ደግሞ ከምላሽ 18 ተማሪ ነው። ለመመረቂያ ሥራዋ ባትሪ የሚሞላ ትንሽ ሞተር እየነደፈች ነው። ስንት ሲሊንደር፣ ምን ያህል ኮምፕሬሽን ብላ ጠየቀች። ምላሽ 2 ጠላትነት ሳይዝ ጥሩ ምክር ሰጣት። ሲሊንደሩ በጣም ካነሰ ግድግዳው ከይዘቱ አንጻር ስለሚበዛ ሙቀት ይሰርቃል፤ አንዱ ሲሊንደር ግማሽ ሊትር አካባቢ ቢሆን፣ የፒስተኑ ጉዞም ከስፋቱ ቢረዝም ይሻላል። ምላሽ 12 ደግሞ ከምንም በፊት ሞተሩ በየትኛው ጭነት ስንት ሰዓት እንደሚውል ሠንጠረዥ አውጪ አላት።

በምላሽ 25 ምርጫዋን አስቀመጠች። ሁለት ሲሊንደር፣ 13 ለ 1፣ ዘግይቶ የሚዘጋ መግቢያ ቫልቭ፣ ላምዳ 1፣ ከካታሊስቱ በኋላ የሚወሰድ የቀዘቀዘ ጭስ። የቀራት የጭሱ መጠን ነው። የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። ካታሊስቱ እስኪነቃ ኢጂአሩን ዝጊው፤ በቀዝቃዛ ግድግዳ መካከል የተዳከመ እሳት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት ጨምሪ፤ በሲሊንደር ግፊት የሚለካው የየዑደቱ ሥራ ከዑደት ዑደት የሚለያይበት መጠን ከ3 በመቶ ማለፍ ሲጀምር አቁሚና አንድ እርምጃ ተመለሺ። የመጀመሪያዎቹን የመፈተሻ ውጤቶች እዚሁ ክር ላይ እንደምታስቀምጥ ጽፋለች፤ ስታስቀምጥ ምላሽ 2ም እኔም ቁጥሮቹን እናያለን።